ጉልበቴን ውሰጂላት

ከገዳሪፍ እስከ መተማ ባለው መንገድ ሰርግን በካሴት ያሻገረች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ። አይደለሽም የምትል ካለች ትምጣና ፊት ለፊት እንነጋገር! ወንድሜ እንዲህ ስል ሲሰማኝ «ሙያ በልብ ነው» ይለኛል። ወላሂ፣ በልብ ቢሆን ኖሮ ማን ያይልኝ ነበር? የእኔ ሙያ ትከሻዬ ላይ ነበር። ትልቅ ጥቁር ካሜራ፣ ቀኑን ሙሉ ስሸከመው ውዬ ማታ አንገቴን ማዞር የሚያቅተኝ።

ዛሬማ ምን አለበት! በቀደም ድንበሩ ላይ፣ በሱዳን በኩል ባለችው ገላባት፣ መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ፊቷ ላይ ደቅና ኒው ሀልፋ ካለች እህቷ ጋር እየተያዩ ሲያወሩ አየሁ። «ያ ሰላም! ምነው ከሳሽ?» ትላታለች፤ ያችኛዋ ደግሞ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወገቧን ታሳያታለች። ከዚያ ልጅቷ ጥፍር የምታህል ካርድ አውጥታ «እዚች ውስጥ ሃያ ፊልም አለ፣ ኻልቲ» አለችኝ፣ አክስቴ ማለቷ ነው። ሃያ ፊልም! ደስ ብሎኝ ካርዷን አገላብጬ አየኋት። እኔ አንድ ሰርግ ለማሻገር ስንት መከራ እንዳየሁ ልነግራት ስል መኪናው ሞላና ተነሣን። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልናገረው።

እኔ ልጅ ሳለሁ ገዳሪፍ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሥዕል የሚታየው ሲኒማው ውስጥ ብቻ ነበር። ጣሪያ የለውም፤ አራት ግንብና አንድ ነጭ የተቀባ ግድግዳ ነው። የህንዶቹ ዘፈን ግንቡን ዘሎ እኛ ግቢ ድረስ ይመጣል። ሥዕሉን ግን የሚያዩት ወንዶቹ ነበሩ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «የእኔ ልጅ ሲኒማ ደጅ አትቆምም» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። ስለዚህ እኔ ዘፈኑን ሁሉ በቃሌ እያወቅሁ ዘፋኟን አይቻት አላውቅም። ቀጭን ትሁን ወፍራም፣ ቀይ ትሁን ጠይም፣ ሳህን እያጠብኩ ስገምት ነው ያደግሁት።

ኋላ ጊዜው ተለወጠ። አባቴ ራሳቸው፣ ሲኒማ ደጅ አትቆምም ያሉት ሰውዬ፣ ከፖርት ሱዳን የቪዲዮ ዴክ አስመጥተው ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጡት። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቶቡን፣ ያንን ረጅም የሱዳን ሴቶች ልብስ፣ እየጠመጠመ ገባ። ካሴቱ ተከተተና ያ ዘፈን ሲጀምር፣ አንዲት ቀይ፣ ዓይኗ የትየለሌ የሆነ ሴት ብቅ አለች። «ያቺ ናት እንዴ?!» ብዬ ጮኽኩ። እናቴ በጉልበቷ ጎሰመችኝ። ልቤ ግን እየዘለለ ነበር፤ ሲኒማው ተነሥቶ እኛ ቤት መጥቷላ! ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲኒማው ሲዘጋ ወንዶቹ አዘኑ፣ እኔ ግን ምን በወጣኝ።

ካሜራውን ያመጣው ወንድሜ ነው። ሳዑዲ ሠርቶ ሲመለስ ሰርግ እየቀዳሁ እንጀራ እበላለሁ ብሎ ነበር። ዳሩ ግን በእኛ በሙስሊሞቹ ነጋዴዎች ሰርግ ሙሽራዋ የምትቀመጠው ሴቶቹ ዘንድ ነው፤ ወንድ ካሜራ ይዞ እዚያ አይገባም። ሙሽራ የሌለችበት ሰርግ ማን ያያል? ወንድሜ ሁለት ሰርግ ላይ የወንዶቹን ትሪና ጺም ቀድቶ ሲያበቃ ተሰላቸ። «በይ እንግዲህ፣ ያ ሁሉ የህንድ ፊልም ያየሽ አንቺ ነሽ» ብሎ ትከሻዬ ላይ ጫነልኝ። እንዴት ያለ ደስታ! በመጀመሪያው ሳምንት የቀዳሁት ዶሮ፣ የውሃ ገንዳ፣ የጎረቤት ግመል፣ እንዲሁም የራሴን እግር ነው። በሁለተኛው ወር ግን ገዳሪፍ ውስጥ ያለ እኔ ሙሽራ አትወጣም ነበር።

አሁን ወደ አጎቴ ልምጣ። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ካረፉ በኋላ አባት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው። የሰሊጥ ደላላ ነበሩ። ገበያው ውስጥ ሲናገሩ ከሦስት ሱቅ ወዲያ ይሰማሉ። አንዲት ልጅ ብቻ አለቻቸው። እናቷ ስለሞተችባት እስከ አሥር ዓመቷ እዚሁ ገዳሪፍ እሳቸው ዘንድ አደገች፤ ከዚያ በአማርኛ ትማር ብለው መተማ ላሉት እኅታቸው፣ ለአክስቴ፣ ሰጧት። ልጅቷ ትንሽ ሳለች ከቁርዓን ቤት ስትመለስ ሮጣ የአጎቴን ጉልበት ትስማለች። እሳቸውም ቀና ሳትል ቆንጠጥ ያደርጓታል። «አመመኝ!» ብላ ትጮኻለች፣ በማግስቱ ግን ያንኑ ቁንጥጫ ፍለጋ ሮጣ ትመጣለች።

የሰርጓ ቀን ተቆርጦ፣ ጥሪው ተጠርቶ፣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አጎቴ አንድ ቀን ጠዋት ሊነሡ ሲሉ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። አፋቸውም ትንሽ ተጣመመ። ሐኪሙ መኪና ላይ እንዳይወጡ ከለከለ፤ ሌላ ከመጣባቸው እንደማይተርፉ ለእኛ ለብቻችን ነገረን። ልጅቷ ይህን ስትሰማ «አባዬ ጉልበቱን ሳልስም፣ ሳይመርቀኝ አላገባም። ሰርጉ ይቅር» ብላ ላከች። አጎቴ ደግሞ እልኸኛ ናቸው። «የተቆረጠ ቀን በእኔ ምክንያት አይፈርስም። የአክስቷን ጉልበት በእኔ ፋንታ ትሳም» አሉ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

«ያንን ነገርሽን ይዘሽ ሂጂ» አሉኝ፣ ቃሉ እየተጎተተባቸው። «ዳንሱን ተዪው። ትሪውን ተዪው። ልጄ ጎንበስ ስትል ፊቷን አሳዪኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«በዓይኔ በብሌኔ!» አልኳቸው። እንዲህ ዓይነት ቃል መስጠት ለእኔ ቀላል ነው።

ወንድሜ ሁለት ካሴት ያዢ አለኝ። «ሦስት ሰዓት የሚቀዳ ካሴት ምን አነሰው? የምሄደው ሰርግ ልቀዳ ነው እንጂ የዓለምን ፍጻሜ ልቀዳ ነው?» አልኩት። ይህንን አፌን!

ገላባት ላይ ድልድዩን ከመሻገሬ በፊት የጉምሩኩ ሰውዬ ካሜራውን አይቶ «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ኮስተር አለ። ቃላት ከማብዛት ብዬ ካሜራውን ትከሻዬ ላይ አውጥቼ ወደ እሱ አዞርኩበት፣ ሳልቀዳ። ወዲያው ቆቡን አስተካከለ፤ ሆዱን ሳብ አደረገ። ራሱን ላሳየው ባልችልም፣ ዓይን በሚደገፍባት በካሜራው ትንሽ መስኮት አብሮት የሚሠራውን ጓደኛውን አሳየሁት፤ እንደ ልጅ ሳቀ። «ኸላስ፣ እለፊ» አለኝ።

መተማ የአክስቴ ግቢ ስደርስ ዳሱ ሞልቷል። ካሜራውን እንዳነሣሁ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ምርኩዛቸውን እየጎተቱ ፊቴ ቆሙ።

«ይሄ ገዳሪፍ ይሄዳል አሉኝ?»

«አዎ፣ እማማ። ለአጎቴ ነው።»

«እንግዲያውስ ሰላም ልበለው።» ወደ ካሜራው መስታወት ጠጋ አሉ። «እንደምን ሰነበትክ? ደህና ነህ ወይ?» አሉና ዝም አሉ። ዝም ብለው መስታወቱን ያያሉ። «ምነው አይመልስም?»

«አሁን አይሰማም እኮ እማማ! ካሴቱ ገዳሪፍ ሲደርስ ነው የሚሰማዎት።»

«ይሁን፤ ያኔ እስኪመልስ ልጠብቀው» አሉና ጠበቁ። ከዚያ፣ «በሽታው እንዴት አደረገህ?» እንደገና ጠበቁ። «አይዞህ። ገበያው እንዴት ነው?» ጠበቁ። የሚጠይቁትን ሁሉ ጠይቀው፣ ለእያንዳንዱ መልስ ቦታ ትተው፣ መርቀው ሄዱ።

እሳቸውን ያየ ሁሉ ተሰለፈ! በእኛ አገር የሰውን ሰላምታ መቁረጥ ጠብ መፈለግ ነው። አንዷን ቀድቼ ሌላዋን ብተው፣ ነገ ገዳሪፍ ያለው ወንድሟ ካሴቱን አይቶ «እኅቴን ዘለለቻት» ብሎ እስከ መቃብር ይቀየመኛል። አንዱ ድንበሩ ማዶ፣ ቁረይሻ፣ እርሻ ላይ ለቀረ ልጁ ሰላምታ ላከ። አንዷ ሕፃኗን ብድግ አድርጋ ጥርሱን አሳየች። የጎንደር ሰው፣ የአርማጭሆ ሰው፣ የአጎቴን ስም እንኳ የማያውቅ መንገደኛ ሳይቀር ሰላም አለ። ሁሉም እንደ አሮጊቷ ጠይቆ ዝም ይላል፣ መልሱን ይጠብቃል። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስታው ራሴ ላይ ወጥቶ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ትከሻዬ ላይ ተጭኖ ድንበር ሊሻገር ነው! ካሴቱ ስንት እንደቀረው ማየት ረሳሁ።

ከአሥር ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ወንዶቹ ሙሽራዋን ሊወስዱ ደጅ ሲደርሱ፣ ከጓዳ አወጧት። አክስቴ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሙሽራዋ ሻሿን ገለጥ አደረገችና ወደ እኔ ዞረች። ዓይኔ መስኮቷ ላይ ነው። ሙሽራዋ አንድ እርምጃ ወደ አክስቴ ስትራመድ፣ ካሜራው ቀጭ አለ። ቀይዋ መብራት ጠፋች።

ካሴቱ አልቋል። መተማ ውስጥ ባዶ ካሴት ፍለጋ ሰው ልላክ ብል ጊዜ የለም። ወደ ኋላ መልሼ ሰላምታው ላይ መቅዳት እችል ነበር፤ ጣቴም ቁልፉ ላይ ነበር። ግን የማንን ሰላምታ ላጥፋ? የአሮጊቷን? የሕፃኑን ጥርስ? የዚያን ምስኪን የእርሻ ሠራተኛ አባት? እኔ ይህንን ሳሰላስል ሙሽራዋ ጎንበስ ብላ የአክስቴን ጉልበት ሳመች፤ ከዚያም በቀጥታ ወደ ካሜራዬ ቀና ብላ «አባዬ፣ ያንተን ነው የሳምኩት» አለች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ነበር። እኔ የሞተ ካሜራ ተሸክሜ፣ የምቀዳ መስዬ ቆሜ ነበር። ያን ያህል በራሴ የተናደድኩበት ቀን የለም። እልልታው ቀለጠ፣ ወሰዷት።

ገዳሪፍ ስመለስ በመንገዱ ሁሉ ውሸት ስፈልግ ነበር። ሙቀቱ ካሴቱን አቀለጠው ልበል? መኪናው ሲነጥር ተበላሸ ልበል? መንገድ ላይ ዶካ ከተማ ሻይ ስጠጣ አንዱን ውሸት መረጥኩ፤ ሻዩን ሳልጨርስ አስጠላኝ።

አጎቴ ግቢ ስገባ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለብሶ፣ ተቀብቶ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ከሰዓት በኋላ ነው። ቴሌቪዥኑን ዛፉ ጥላ ሥር አውጥተውታል። በግ ታርዷል፤ ሽቶ ይረጫል። አጎቴ በገመድ በተጠለፈው አልጋቸው፣ በዓንገረባቸው ላይ፣ በትራስ ተደግፈዋል፤ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ጥምጣማቸውን አሥረዋል። ለምን መሰላችሁ? የልጃቸው ሰርግ እኮ ነው! ምንም ሳልናገር ካሴቱን ከተትኩ።

አሮጊቷ ብቅ አሉ። «እንደምን ሰነበትክ? ደህና ነህ ወይ?»

አጎቴ ከትራሳቸው ቀና አሉና «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አሉ።

«በሽታው እንዴት አደረገህ?»

«ይሻለኛል። በርቺ አንቺ።»

«አይዞህ። ገበያው እንዴት ነው?»

«ዘንድሮ ሰሊጡ ጥሩ ነው!» አሉ አጎቴ፣ እንደ ድሮው ጮኽ ብለው። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ወላሂ፣ ልክ በተተወላቸው ቦታ ነው የመለሱት፤ አልቀደሙም፣ አልዘገዩም። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን! ከመተማ አንዱ ሲጠይቅ ከገዳሪፍ አንዱ ይመልሳል። ወንዱ ከምንጣፉ ተነሥቶ ለእኅቱ እጁን ያወዛውዛል። ሴቷ የሕፃኑን ጥርስ አይታ «ማሻ አላህ፣ የአባቱ ነው!» ትላለች። አገር ለአገር እየተነጋገረ ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም ለውሃ እንኳ አልተነሣም። እኔ ብቻ አንድ ጥግ ተቀምጬ ዓይኔን ከምንጣፉ አላነሣሁም፤ መጨረሻውን አውቀዋለሁና።

ሙሽራዋ ከጓዳ ወጣች። እልልታ! ሻሿን ገለጠች። አጎቴ ጤነኛ እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጉ። አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ በረዶ የመሰለ ነጭ ነገር ሹሹሹ አለ።

አጎቴ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ዞረው አዩኝ። «ጉልበቱስ?»

ያን ሁሉ ውሸት ከየት ላምጣው? ጠፋብኝ። እግራቸው ሥር ወድቄ «ካሴቱ አለቀብኝ፣ አጎቴ። በሰላምታ አለቀብኝ። ቃሌን በላሁ» አልኳቸው። ለቅሶዬ መጣ። እሷ ያለችውንም ነገርኳቸው።

«ያንተን ነው የሳምኩት አለች?»

«አዎ።»

በጤነኛው ዓይናቸው ጥግ እንባ ወረደ። ከጎረቤቶቹ አንዱ «ከጫጉላዋ ስትወጣ ትመጣለች» ብሎ ሊያጽናና ሞከረ። እውነት ነው፤ በእኛ ቤት ወግ ሙሽራ አርባ ቀን ሳይሞላት ወንዝ አትሻገርም። ግን ለአጎቴ አርባ ቀን ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? እሳቸውም ሳይነገራቸው ያውቁ ኖሯል።

«ካሴት አለሽ?» አሉኝ።

«አሁን ብዙ አለኝ።»

«እንግዲያውስ ተነሺ፤ አታልቅሺ። እሷ አትመጣ፣ እኔ አልሄድ። ጉልበቴን ውሰጂላት።»

ዘልዬ ተነሣሁ! ዓንገረባቸው ጫፍ ላይ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አድርገን አስቀመጥናቸው። ቀኝ ጉልበታቸው በራሱ ተስተካከለ፤ ግራውን በቀኝ እጃቸው አንሥተው አጠገቡ አመጡት፣ እጃቸውንም እዚያው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ ጉልበቴን» ብለው አዘዙኝ። «ያቺ አሮጊት እንዴት እንደጠበቀችኝ አይተሻል? እኔም እጠብቃታለሁ።»

በማግስቱ መንገድ ጀመርኩ። ካሴቱን ሻንጣ ውስጥ አላደረግኩትም፤ ደረቴ ላይ በቶቤ ጠቅልዬ ይዤው ነው የሄድኩት። የጉምሩኩ ሰውዬ ከሩቅ አየኝና ቆቡን አስተካከለ።

መተማ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ቴሌቪዥኑንና ዴኩን ከነጄኔሬተሩ ለግማሽ ቀን አዋሰን። የጫጉላው ቤት ወለል ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሙሽራዋ እጇ በሂና እንደቀላ፣ ቀሚሷን እየጎተተች መጥታ ቆመች። አሮጊቷም ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ማን ሊያስቀራቸው።

አጎቴ ብቅ አሉ። «ልጄ» አሉ፣ ቃሉ እየተጎተተባቸው። «ቀኑ አልፎብናል። አይክፋሽ። ነይ፣ ጉልበቴን ሳሚ።» ሥዕሉ ዝቅ አለና ሁለቱ ጉልበቶቻቸው ከነጣቶቻቸው የቴሌቪዥኑን መስታወት ሞሉት። ከዚያ ዝም አሉ።

ሙሽራዋ ተደፋች። ምንጣፉ ላይ በጉልበቷ እየዳኸች ሄዳ ቴሌቪዥኑን ሁለት እጇን ዘርግታ ያዘችው። አንዱን ጉልበት ሳመች። ሌላውን ልትስም፣ ጣቶቻቸው ያረፉበት ላይ ከንፈሯን ስታስጠጋ፣ መስታወቱ ጠስ አለና ከንፈሯን ነዘራት። ቀና ብላ ዘለለች።

«ቆነጠጠኝ!» አለች። «ወላሂ አባዬ ቆነጠጠኝ!»

እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም ይወርዳል። ወዲያው የአጎቴ ፊት ተመልሶ መጣ፤ «ወልደሽ ሳሚ፣ ቤትሽ ይሙላ፣ ከክፉ ይጠብቅሽ» እያሉ መረቁ። ቤቱ ሁሉ «አሚን!» አለ፤ አሮጊቷ ከሁሉ በላይ ጮኹ።

«መልሺው» አለችኝ ሙሽራዋ፣ ከምንጣፉ ሳትነሣ። «እባክሽ እኅቴ፣ መልሺው።»

ሰባት ጊዜ መለስኩት። ሰባቱንም ጊዜ ነይ ብለው ጠበቋት።